መናገሻ ሱባ ያየኋት አረንጓዴ ወፍ ስትበር ክንፏ ቀይ ነው፣ ምንድናት?

ሰኒ_አለምገና
ሰላም ቤተሰብ፣ ስለ ወፍ የሚያውቅ ካለ እስቲ እርዱኝ። ባለፈው ቅዳሜ ከመስሪያ ቤት ልጆች ጋር መናገሻ ሱባ ሄደን ነበር፣ ትልልቆቹ ጽዶች ያሉበት ጋ ስንደርስ አንዲት ወፍ ከላያችን ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ተሻገረች፣ ክንፏ ደም የመሰለ ቀይ ነው፣ ሁላችንም ባለንበት ቆመን ቀረን። ካረፈች በኋላ ግን ያ ሁሉ ቀይ የለም! አረንጓዴ ሆነች፣ ጀርባዋ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ጭራዋ ረጅምና ጠቆር ያለ ነው፣ ከርግብ ትበልጣለች። ከዛ ቅርንጫፉ ላይ ሮጠች፣ በረረች አላልኩም፣ ሮጠች ነው ያልኩት፣ እና ቅጠል ውስጥ ገብታ ጠፋች። ፎቶ አለኝ ግን ዙም ሲደረግ ይደበዝዛል፣ ግማሽ ገላዋን ቅጠል ሸፍኖታል፣ ዓይኗ አጠገብ ነጭ ነገር ይታያል። አንዱ ልጅ በቀቀን ናት ይላል፣ ሌላዋ ደግሞ ከሰው ቤት ያመለጠች የውጭ ወፍ ናት ትላለች፣ አፕ ላይ ባስገባት በየፎቶው የተለያየ ስም ነው የሚያወጣልኝ። እውነት ይቺ ወፍ የኛ ናት ወይ? በጣም ነው ያጓጓችኝ።

ሀብቴ_ፒያሳ
እኔም በቀቀን ትመስለኛለች። አዲስ አበባ ውስጥ እኮ አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች ሞልተዋል፣ እንጦጦ ጥግ ግቢ ያላችሁ ሰዎች ታውቋቸዋላችሁ፣ ጠዋት ጠዋት እየጮሁ ያልፋሉ። መናገሻም ይኖራሉ።

የወይራ_ጥላ
ሀብቴ፣ አንተ የምትላቸው ጥቁር ክንፍ የፍቅር ወፎች ናቸው፣ እነሱ በጣም ትንሽ ናቸው፣ 16 ሳንቲሜትር ገደማ፣ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ ጭራቸው አጭር ነው። የሰኒ ወፍ ከርግብ ትበልጣለች፣ ጭራዋም ረጅም ነው እያለች ነው። በመጠን ብቻ እንኳ መለየት ይቻላል።

ሀብቴ_ፒያሳ
ትልቁ በቀቀንስ? ፊቱ ቢጫ የሆነው፣ እሱም ጫካ ውስጥ ነው የሚውለው።

አሮጌ_ባይኖኩላር
ሰላም ሰኒ፣ ሰላም ሀብቴ። ላስረዳ፣ ይሄ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል እና በደንብ ብናወራበት ለሌላውም ይጠቅማል።

ያየሻት ሶሪት ናት። በመጽሐፍና በአፕ ላይ ነጭ ጉንጭ ቱራኮ ብለሽ ፈልጊያት። ያመለጠች የውጭ ወፍ አይደለችም፣ አገሯ እዚሁ ነው፣ በዓለም ላይ በተፈጥሮ የምትገኘው ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ደቡብ ሱዳን ነው፣ ዋናው መኖሪያዋ ደግሞ የኛ ደጋና ወይናደጋ ጫካ ነው። ከምንቃር እስከ ጭራ ጫፍ 43 ሳንቲሜትር ገደማ ትሆናለች፣ ብዙው ግን ጭራ ነው።

አሁን እንዴት እንደምትለይ። ብዙ ሰው ቀለም ብሎ ሲያስብ ዋናውን ቀለም ይይዛል፣ "አረንጓዴ ወፍ" ይላል፣ እሱ ብቻውን የትም አያደርስም፣ ምክንያቱም በኛ ጫካ አረንጓዴ ወፍ ብዙ ነው። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ቀዩ የት ጋ ነው? ነጩስ የት ጋ ነው? ብዬ ነው። ሶሪት ቀይዋ ክንፏ ላይ ነው፣ የበረራ ላባዎቿ ናቸው ቀይ፣ ክንፏን ስትሰበስብ ላባው አንዱ ባንዱ ላይ ይደራረብና ቀዩ ይደበቃል፣ ለዛ ነው ስታርፍ የጠፋብሽ። ቢጫ ፊቱ በቀቀን ክንፉ ላይ እንዲህ ያለ ቀይ የለውም፣ ጭራው አጭር ነው፣ ምንቃሩ ወፍራምና ቆልማማ ነው፣ ሲበር ደግሞ ክንፉን ቶሎ ቶሎ እያራገበ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ እየጮኸ። ሶሪት በረራ ላይ ያን ያህል አይደለችም፣ ጥቂት ክንፏን ትመታና ትንሳፈፋለች፣ ትመታና ትንሳፈፋለች፣ ከዛ ዛፉ ውስጥ ዝቅ ብላ ትገባና ቅርንጫፉን በእግሯ ወደ ላይ ትወጣዋለች።

ነጩ ደግሞ ፊቷ ላይ ነው፣ ሁለት ቦታ። አንደኛው ከዓይኗ ፊት ለፊት በምንቃሩና በዓይኑ መሃል ያለ ነጭ ነጠብጣብ ነው። ሁለተኛው ከጆሮዋ አካባቢ ተነስቶ በአንገቷ ጎን ወደ ታች የሚወርድ ነጭ መስመር ነው። ይሄ መስመር ነው ቁርጡን የሚነግርሽ። ቁንጮዋ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ ነው፣ ዓይኗን ቀይ ቀለበት ይከበዋል፣ ምንቃሯ አጭርና ወደ ቀይ የሚያደላ ብርቱካናማ ነው፣ አንገቷና ደረቷ አረንጓዴ፣ ሆዷ ግራጫ። ፎቶሽን እንደገና ክፈችና አንገቷ ላይ የሚወርድ ነጭ ነገር ካለ እይልኝ።

ሰኒ_አለምገና
አለ! ሁለተኛው ፎቶ ላይ አለ። እኔ ቅጠሉ መሃል የገባ የፀሐይ ብርሃን መስሎኝ ነበር፣ ከጆሮዋ ጀምሮ ወደ ታች ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በጣም አመሰግናለሁ ጋሼ፣ በዚህ ዓይን አላየኋትም ነበር። ፎቶውን ከነ ነጩ ቆርጬ ከላይ ጨምሬዋለሁ።

አሮጌ_ባይኖኩላር
አየሁት፣ በቃ እሷው ናት፣ ምንም ጥርጥር የለውም።

ዘጌ_ልጅ
እኛ ሰፈር ሶሪት የማያውቅ የለም። ዘጌ ገዳማቱ ዙሪያ ያለው ጫካ አልተነካም፣ ቡናው ራሱ የሚበቅለው በትልልቅ ዛፍ ስር ነው፣ እና ጠዋት በመንገዱ ስትሄዱ ከማየታችሁ በፊት ትሰሟታላችሁ። ድምጿ አያምርም በእውነት፣ ሻካራ ነው፣ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ ኳር ኳር ኳር እያለ ይደጋገማል፣ አንዷ ስትጀምር ሌላዋ ከማዶ ትመልሳለች። መልኳን ብቻ ያየ ሰው ይሄ ድምጽ የሷ ነው ሲባል አያምንም።

ሾላ ሲበስል ደግሞ ዛፉ ስር መቀመጥ ነው። አንዴ አንዲትን በደንብ አይቻታለሁ፣ ከአናቴ በላይ ብዙም ከፍ ባላለ ቅርንጫፍ ላይ ነበረች። ፍሬውን በምንቃሯ ጫፍ ትቀነጥሳለች፣ አታኝክም አትቦጭቅም፣ አንገቷን ወደ ላይ ቀና ታደርግና ሙሉውን ትውጣለች፣ ስትውጥ ያ ነጭ መስመር አብሮ ይለጠጣል። ከዛ ወደሚቀጥለው ፍሬ ስትሄድ እንደ ሽኮኮ በቅርንጫፉ ላይ ዘላ ዘላ ነው፣ ጭራዋ እየተወዛወዘ ሚዛን ይጠብቅላታል። ሌላ ወፍ ሲመጣ ቁንጮዋን ቀጥ አደረገችው።

የወይራ_ጥላ
ያ ሩጫ በጣም ጥሩ መለያ ነው። የቱራኮ ዘሮች እግራቸው ልዩ ነው፣ የውጪኛው ጣት ወደፊትም ወደኋላም ይዞራል፣ ለዛ ነው ቅርንጫፍ ላይ እንደዛ የሚሮጡት። ወፏ በጥላ ውስጥ ሆና ቀለም ባይታይ እንኳ ረጅም ጭራ ያላት ወፍ ቅርንጫፍ ላይ ስትሮጥ ካያችሁ ቱራኮ ነው ብላችሁ መጀመር ትችላላችሁ።

ቤቲ_ወንዶገነት
ሰላም፣ የኔም ጥያቄ ተመሳሳይ ነው ግን ትንሽ ይለያል። ወንዶ ገነት ፍልውሃው በላይ ባለው ጫካ አንድ አረንጓዴ ወፍ አየሁ፣ ጀርባው አብረቅራቂ አረንጓዴ ነው፣ ቁንጮ የለውም፣ ዞር ሲል ሆዱ ቀይ ሆነ። አልሮጠም፣ አልተንቀሳቀሰም፣ እዛው ቁጭ ብሎ ቀረ። እሱም ሶሪት ነው? ሶሪትንም እዛው አካባቢ አይቻታለሁና ወንድና ሴት ይሆኑ?

አሮጌ_ባይኖኩላር
ቤቲ፣ በጣም ጥሩ አይተሻል። እሱ ሶሪት አይደለም፣ ናሪና ትሮገን የሚባል ነው፣ ወንዱ። ቅድም ያልኩትን ጥያቄ ጠይቂው፣ ቀዩ የት ጋ ነው? ሆዱ ላይ። የሶሪት ሆድ ግራጫ ነው እንጂ ቀይ አይሆንም። ነጩስ የት ጋ ነው? ፊቱ ላይ የለም፣ የትሮገን ነጩ ከጭራው ስርና ጠርዝ ላይ ነው። ጠባዩም ፍጹም ሌላ ነው፣ ትሮገን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ወፍ ነው፣ ብዙ ጊዜ ጀርባውን ሰጥቶ ስለሚቀመጥ አረንጓዴው ከቅጠሉ ጋር ይመሳሰልና አጠገቡ አልፈሽው ልትሄጂ ትችያለሽ። ድምጹም ዝቅ ያለ ነው፣ ሁ ሁ እያለ ይደጋግማል። ሴቷ ትሮገን ፊቷና ደረቷ ቡናማ ነው።

የሶሪትን በተመለከተ ወንድና ሴቷ በመልክ አንድ ናቸው። በላባ መለየት አይቻልም፣ ስለዚህ "ይሄ ወንዱ ነው ይሄ ሴቷ ናት" እያለ ፎቶ የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ አትቀበሉት። ጫጩቶቹ ግን ፈዘዝ ያሉ ናቸው፣ ክንፋቸው ላይ ያለውም ቀይ ያነሰ ነው።

ኬሚስትሪ_አስተማሪ
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የወፍ ሰው አይደለሁም፣ በዚህ ወፍ ቀለም ግን ለረጅም ጊዜ የተደነቅሁ ሰው ነኝ፣ እና ለመለየትም የሚረዳ ነገር ስላለው ልጻፍ።

የአብዛኛው ወፍ አረንጓዴ እውነተኛ አረንጓዴ ቀለም አይደለም። የላባው ጥቃቅን አሰራር ብርሃኑን ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል፣ ላዩ ላይ ቢጫ ቀለም ሲኖርበት ዓይናችን አረንጓዴ ያየዋል። በቀቀን እንደዚህ ነው። የትሮገን ደግሞ በብርሃን ጨዋታ የሚመጣ ነው፣ ለዛ ነው ቤቲ አብረቅራቂ ያለችው፣ ወፉ ዞር ባለ ቁጥር ይለዋወጣል። የሶሪት አንገትና ደረት ላይ ያለው አረንጓዴ ግን ራሱ ቀለሙ ነው፣ ቱራኮቨርዲን ይባላል፣ በየትም በኩል ብታዩት አረንጓዴ ነው። የክንፉ ቀይ ቱራሲን ይባላል፣ በሁለቱም ውስጥ መዳብ አለ! አዎ፣ የሽቦ መዳብ ያው መዳብ። በ1869 (በፈረንጅ) ቸርች የሚባል እንግሊዛዊ ኬሚስት ነው ቱራሲን ውስጥ መዳብ መኖሩን ያሳየው፣ ከቀለሙ ክብደት ከመቶ 6 ገደማው መዳብ ነው። ወፏ መዳቡን የምታገኘው ከምትበላው ነው፣ በአብዛኛው ከፍሬ። አንድ ወፍ ከሾላ ፍሬ ላይ መዳብ ለቅማ ክንፏ ላይ ቀይ አድርጋ ስታወጣው ማሰብ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ክፍል ውስጥ ስለ መዳብ ሳስተምር ሁሌ በዚህ ነው የምጀምረው።

ሀብቴ_ፒያሳ
ይሄስ ዛሬ የሰማሁት ምርጥ ነገር ነው። ግን መምህር፣ ቀዩ በዝናብ ይታጠባል የሚል አንብቤ ነበር፣ እውነት ነው? እንደዛ ከሆነ ክረምት ላይ በቀይ ክንፍ መለየት አይቻልም ማለት ነው።

ኬሚስትሪ_አስተማሪ
በዝናብ አይታጠብም። ወሬው የመጣው ቱራሲን ሳሙና ወይ አሞኒያ ባለበት ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው፣ የወደቀ ላባ እንደዛ ባለ ውሃ ብትነክሩ ውሃው ይቀላል። ንጹህ የዝናብ ውሃ ግን በቁሟ ያለችን ወፍ ቀለም አያጥብም፣ ክረምትም በጋም ክንፏ ቀይ ነው።

ጎባ_ዶሎመና
እንደምን ዋላችሁ። እኔ የምጽፈው ከባሌ ነው። ከጎባ ወደ ዶሎ መና ስትወርዱ ሐረና ጫካ ውስጥ ያነሳሁትን ፎቶ ለጥፌያለሁ፣ እዩልኝ። ሁሉም ነገሯ እናንተ እንዳላችሁት ነው ግን ቁንጮዋ ከኋላ በኩል ቀይ አለው፣ ወይን ጠጅ የሚመስል ቀይ። ቁንጮው ላይ ቀይ ያለው የልዑል ሩስፖሊ ቱራኮ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፣ እሱ ደግሞ በዓለም ላይ ኢትዮጵያ ብቻ ያለ ብርቅ ወፍ ነው ይባላል። ከሆነ ለማን ነው የምናሳውቀው?

ፍቅር_በኢትዮጵያ
ዋው! ሩስፖሊ ነው እኮ! ሼር አድርጉት!

የወይራ_ጥላ
ቆይ ቆይ፣ ሼር ከመደረጉ በፊት አንገቷን እንይ። እኔ ነጭ መስመር ይታየኛል።

ነገሌ_ጋይድ
ሰላም ወገኖቼ፣ የነገሌ ቦረና ልጅ ነኝ፣ ስራዬም ሰዎችን ወደዚሁ ወፍ መውሰድ ነው፣ ስለዚህ ይሄን ጉዳይ ልመልስ።

የጎባው ወንድሜ፣ ፎቶህ በጣም ያምራል፣ ወፏ ግን ሶሪት ናት፣ ሩስፖሊ አይደለችም። ከስምጥ ሸለቆው በስተምስራቅ ያለችው ሶሪት ከሰሜንና ከምዕራቧ ትንሽ ትለያለች፣ ዶናልድሶኒ የሚል የንዑስ ዝርያ ስም አላት፣ ልዩነቷ ቁንጮዋ ከኋላ ወደ ቀይ መሄዱ ነው። የሰኒና የዘጌው ልጅ ሶሪት ቁንጮዋ ሰማያዊ ጥቁር ብቻ ነው፣ የአንተዋ ቀይ ይጨምራል፣ ሁለቱም ግን ነጩ ነጠብጣብና የአንገቱ ነጭ መስመር አላቸው።

ሩስፖሊን እንዴት ትለየዋለህ? ቁንጮው ራሱ ነጭ ነው፣ የወተት ቅባት ዓይነት ነጭ፣ ከኋላው ማጅራቱ ጋ ቀይ አለው። ጉንጩ ላይ ግን ነጭ መስመር የለውም! ፊቱ ንጹህ አረንጓዴ ነው፣ ዓይኑን ቀይ ቀለበት ይከበዋል፣ ምንቃሩ ቀይ ነው። ማለትም ነጩ ቦታ ተቀያይሯል፣ ሶሪት ነጩ ፊትና አንገቷ ላይ ነው፣ ሩስፖሊ ነጩ አናቱ ላይ ነው። ክንፋቸው ሁለቱም ቀይ ነው፣ ስለዚህ ስትበር ክንፏን ብቻ አይቶ "ሩስፖሊ አየሁ" ማለት አይቻልም። እንግዶቼን ሁሌ የምነግራቸው ይሄንን ነው፣ እስክታርፍ ጠብቁ፣ ጭንቅላቷን እዩ።

ቦታውም ይለያል። ሩስፖሊ የሚገኘው በደቡብ ኢትዮጵያ ጠበብ ባለ አካባቢ ብቻ ነው፣ በኛ ነገሌ ዙሪያ፣ ገናሌ ወንዝ ዳር፣ አሬሮ ያለው የጽድ ጫካ፣ ወደ ዋደራም በኩል። ሐረና ትልቅ ጫካ ነው፣ ግን የሶሪት ጫካ ነው።

ሰኒ_አለምገና
ወንድሜ፣ ሩስፖሊ ማነው? ለምንስ በሱ ስም ተጠራ?

ነገሌ_ጋይድ
ሩስፖሊ የጣሊያን ልዑል ነው፣ ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ (በፈረንጅ) በሶማሊያ በኩል ገብቶ ወደኛ አገር የተጓዘ። በ1893 ታህሳስ ላይ አደን ላይ ሳለ ዝሆን ገደለው። ሰብስቧቸው የነበሩ ነገሮች ወደ ጣሊያን ሲወሰዱ መሃላቸው የዚህ ወፍ ቆዳ ተገኘ፣ የት እንደተያዘ፣ መቼ እንደተያዘ የሚል ጽሑፍ ግን የለበትም። ሳልቫዶሪ የሚባል ጣሊያናዊ የወፍ ሊቅ በ1896 አዲስ ዝርያ ነው ብሎ ስም ሰጠው። ከዛ በኋላ ለአርባ ምናምን ዓመት ሳይንቲስቶች የት እንደሚኖር አያውቁም ነበር፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ነው አሬሮ አካባቢ እንደገና ያገኙት። የአካባቢው ሰው ግን ያን ሁሉ ዓመት ከወፉ ጋር ነው የኖረው፣ ለወፉ የጠፋበት አገር አልነበረም።

ስለዚህ እባካችሁ ፎቶ ስትለጥፉ ቦታና ቀን ጻፉ። አንድ ጽሑፍ ስላልነበረ ነው ዓለም ያን ያህል ዘመን የፈለገው።

ሳራ_ፍራንክፈርት
ይሄን ክር ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው፣ ለሶሪት ሳይንሳዊ ስም የሰጣት ሩፔል የዚህ ከተማ ሰው ነው። በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምጽዋ ገብቶ ጎንደር ድረስ ደርሷል፣ ወፏንም በ1835 በጽሑፍ ያስታወቃት እሱ ነው፣ ከሀገራችን የወሰዳቸው ብዙ ነገሮች እዚህ ዜንከንበርግ ሙዚየም ተቀምጠዋል። ሌላው ደግሞ ሶሪት በአውሮፓ መካነ አራዊት ውስጥ በብዛት የምትገኝ ወፍ ናት። ልጆቼን ይዤ በሄድኩ ጊዜ ታፔላው ላይ "ኢትዮጵያ" የሚል አንብበው ነበር የጠሩኝ። አንገቷ ላይ ያለውን ነጭ መስመር ከመረቡ ማዶ አንድ ሜትር ርቀት ላይ ሆናችሁ ማየት ስለምትችሉ በውጭ ያላችሁ ሰዎች መለየቱን እዛ መለማመድ ትችላላችሁ። በጫካ ማየቷን ግን እንዴት እንደምጓጓ አልነግራችሁም።

ካሩራ_ናይሮቢ
እኔ ናይሮቢ ነኝ፣ ካሩራ ጫካ ውስጥ ስሮጥ ተመሳሳይ ወፍ አያለሁ፣ ክንፏ ቀይ፣ ቁንጮዋ ጥቁር ሰማያዊ፣ ዓይኗ ጋ ነጭ አላት። ሶሪት እዚህም አለች ማለት ነው?

አሮጌ_ባይኖኩላር
የለችም ወንድሜ፣ እዛ የምታያት ሃርትላውብ ቱራኮ ናት፣ የኬንያና የታንዛኒያ ደጋ ዘመዷ። በርግጥ ይመሳሰላሉ። በዓይኗና በምንቃሯ መሃል ነጭ አላት፣ ከዓይኗ በታችም ቀጭን ነጭ መስመር አላት፣ ግን መስመሩ ከዓይን ስር የሚሄድ ነው እንጂ በአንገት ጎን ወደታች አይወርድም። በሚቀጥለው ስታያት ነጩ ወደየት እንደሚሄድ ተከተለው።

አገር ቤት ደግሞ ሌሎች ሦስት የቱራኮ ዘመዶች አሉን፣ ግን እነሱ ግራጫና ነጭ ናቸው፣ አረንጓዴ የላቸውም፣ ብዙዎቹም ጥቅጥቅ ካለው ጫካ ውጪ ግራር ባለበት ነው የሚኖሩት፣ ከሶሪት ጋር አያሳስቱም። አረንጓዴና ቀይ ያላቸው ሶሪትና ሩስፖሊ ብቻ ናቸው። አንዳንድ የወፍ ሊቃውንት አሁን ሁለቱን ብቻቸውን ለይተው ሜኔሊኮርኒስ የሚባል ወገን ውስጥ ያስገቧቸዋል፣ በአፄ ምኒልክ ስም ማለት ነው፣ ስለዚህ በአንዳንድ አፕ ላይ ስማቸው ተቀይሮ ብታገኙት አትደናገሩ።

ቤቲ_ወንዶገነት
አንድ ነገር ልጠይቅ፣ የወፏን ድምጽ ስልክ ላይ ከፍቶ መጥራት ይቻላል? አንድ ሰው እንደዛ ሲያደርግ አይቼ ነበር፣ መጣችለት።

ዘጌ_ልጅ
ምን ችግር አለው፣ ትመጣለች ታያታለህ ትሄዳለች። ቱሪስት ለአንድ ቀን ነው የሚመጣው፣ ሳያይ ቢመለስ ጋይዱም ይጎዳል።

ነገሌ_ጋይድ
ወንድሜ የዘጌ ልጅ፣ እኔም በዚሁ ስራ ነው የምኖረው፣ ግን አልስማማም። ወፏ የምትመጣው ሌላ ወፍ ግዛቴ ገባ ብላ ነው፣ ተቆጥታ ወይ ደንግጣ። አንዱ አንዴ ቢያደርገው ምንም አይደለም ይሆናል፣ ግን ሁሉም ጋይድ በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ ቢያደርገው ወፏ መብላቷን ትታ ስልክ ስታሳድድ ትውላለች፣ በተለይ ጎጆ ላይ ስትሆን እንቁላሉ ይበርዳል። ጎጇ ራሱ ደካማ ነው፣ ጭራሮ የተደረደረበት ነገር ነው፣ ሁለት እንቁላል ነው የምትጥለው። ሩስፖሊ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ አላደርገውም፣ ያለችው በዚህች ጠባብ ቦታ ብቻ ነው። ያፈራ ዛፍ ማወቅ ይሻላል፣ የበሰለ ሾላ ካለ ድምጽ አያስፈልግም፣ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ነው።

ዘጌ_ልጅ
የጎጆዋን ነገር በዚህ በኩል አላሰብኩትም፣ ትክክል ነህ። ለልጆቹም እነግራቸዋለሁ።

ሀብቴ_ፒያሳ
ለኛ ለአዲስ አበቤዎች ታዲያ የት እንጠብቅ? ባይኖኩላር ተውሻለሁ፣ እሁድ ነጻ ነኝ።

የወይራ_ጥላ
መናገሻ ሱባ ጥሩ ነው፣ ደብረ ሊባኖስ ገዳሙ አካባቢ ያለውም ጫካ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ነባር ዛፍ ያለበት መሆኑ ነው፣ ባህር ዛፍ ብቻ ያለበት ቦታ ጊዜህን አታጥፋ፣ ሶሪት የምትበላው ፍሬ ባህር ዛፍ ላይ የለም። ሾላ፣ ዋርካ፣ ጥቁር እንጨት፣ ዝግባ፣ ጽድ፣ እነዚህ ፍሬ ሲይዙ ነው የምትገኘው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዛ ድረስ፣ ድምጿን እስክትሰማ ዝም ብለህ ቁም። ፀሐይ ከኋላህ ትሁን፣ ፀሐይ ከፊትህ ከሆነ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው። ስትበር ክንፏን ታያለህ፣ የምታርፍበትን ዛፍ ያዝ፣ ከዛ ባይኖኩላርህን ጭንቅላቷ ላይ አድርግ።

ስለ ባህር ዛፍ ካነሳሁ አይቀር፣ እናቴ የተወለደችበት አገር የቤተክርስቲያኑ ጫካ ብቻ ነው የቀረው፣ ዙሪያው እርሻ ነው፣ ሶሪት ግን አሁንም እዛው ጫካ ውስጥ አለች። ፍሬውን ትበላና ዘሩን በየቦታው ትጥላለች፣ ለጫካው ዛፍ ትተክልለታለች ማለት ነው። ያን ጫካ የጠበቁ ካህናትና ምዕመናን ወፏንም ጠብቀዋል፣ በጣም ነው የማከብራቸው።

ጎባ_ዶሎመና
ነገሌ ጋይድ፣ ስለ መልስህ አመሰግናለሁ፣ ሶሪት በመሆኗ አልከፋኝም፣ ቀይ ቁንጮ ያላት የኛ አካባቢ መሆኗን ማወቄ ራሱ ደስ ብሎኛል። የመጨረሻ ጥያቄ፣ አንድ ዘመዴ ከዋደራ የላከልኝ ፎቶ አለ፣ እሱን ከታች ለጥፌዋለሁ። ይቺ ግራ አጋባችኝ፣ ቁንጮዋ ነጣ ያለ ነው ግን ንጹህ ነጭ አይደለም፣ ጠቆር ያለ ነገር ተቀላቅሎበታል፣ አንገቷ ላይ ደግሞ የደበዘዘ ነጭ መስመር የሚመስል አለ። በናንተ አባባል ሁለቱንም ትመስላለች።

ነገሌ_ጋይድ
ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። እውነትህን ነው፣ ሁለቱንም ትመስላለች። ሶሪትና ሩስፖሊ በሚገናኙበት አካባቢ እርስ በርስ የተዳቀሉ ተገኝተዋል፣ ጫካው እየተመነጠረ ሲሄድ ደግሞ ሶሪት ወደ ሩስፖሊ ቦታ መግባቷ ያሰጋል። ከአንድ ፎቶ ተነስቼ ድቅል ናት ብዬ አልፈርምም፣ ጥላው የቁንጮውን ቀለም ሊቀይረው ይችላልና። ዘመድህ የሚቀርበው ከሆነ ያችኑ ዛፍ ጠዋት ላይ እንደገና ይጎብኝልን፣ ከሁለቱም ጎን ፊቷን፣ ቁንጮዋን ከኋላ፣ ከተቻለ ደግሞ አብራት ያለችውን ወፍ ያንሳ፣ ጥንድ ሆነው ስለሚኖሩ አጋሯም ብዙ ይነግረናል። እስከዛው ኢበርድ (ሰዎች ያዩትን ወፍ የሚመዘግቡበት ድረ ገጽ) ላይ ስታስገባው ሩስፖሊ ብለህ አታስገባ፣ "ሶሪት ወይም ሩስፖሊ" ብለህ ፎቶውን አያይዘው፣ ሌሎችም አይተው ይፍረዱ።

ጎባ_ዶሎመና
እሺ፣ ዛሬውኑ ደውዬ እነግረዋለሁ። ፎቶው ሲመጣ እዚሁ ክር ላይ እለጥፈዋለሁ።